ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ፦ የቦሌ አራብሳን ቤት በአገር ቁሳቁስና ባገለገለ ዕቃ የመጨረስ መመሪያ

በአዲስ አበባ ቦሌ አራብሳ ሳይት የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የሚረከብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ቤት አይረከብም። ዓምዱ ቆሟል፣ ወለሉ ተሞልቷል፣ የብሎኬቱ ግድግዳ ተገንብቷል፤ ፊኒሺንጉ ግን የባለቤቱ ድርሻ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይጀምራል። ያልወደደውን ክፍልፋይ ያፈርሳል፤ ከውጭ የመጣ ሴራሚክ፣ የፕላስቲክ ኮርኒስና የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን ይገዛል። ፍርስራሹ በማዳበሪያ እየተሞላ ከብሎኩ ጀርባ ይከመራል፣ ገንዘቡም በውጭ ምንዛሪ ለገባ ዕቃ ይወጣል። ይህ መመሪያ ሌላውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የሚሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ለአካባቢም ለኪስም የሚበጀው ቤት ያለው ሳይፈርስ፣ የጎደለው ደግሞ ከቅርብ በተገኘና ነገ የሰፈር ባለሙያ ሊጠግነው በሚችል ዕቃ የሚሟላ ቤት ነው።

ምክንያቱ ከቁጥር ይጀምራል። ለሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር የሚመረተው የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከድንጋዩ ብቻ ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የነዳጁ ጭስ በዚህ ላይ ይደመራል። በአራብሳ ብሎኮች ውስጥ ያለው ሲሚንቶና ፌሮ ይህን ዋጋ አንድ ጊዜ አስከፍሏል፤ ደህና ግድግዳ አፍርሶ ሌላ መገንባት ሁለተኛ ጊዜ መክፈል ነው። የኪሱም ነገር እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የፊኒሺንግ ዕቃ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይወጣል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ከአገር ውስጥ የሚገኘውን አስቀድሞ ማየት ለቤተሰብ በጀትም ጥንቃቄ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ይለኩ፣ ይጠይቁ

ክፍሎቹን በሜትር ለክተው በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ዓምዱ የት እንደቆመ፣ ቢሙ በየት እንደሚያልፍ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ በየትኛው ግድግዳ እንደሚወርድ ምልክት ያድርጉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 እንደ ጣራ፣ ደረጃና የሕንፃው ዋና አካል ያሉትን የጋራ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የውጭ ግድግዳ መብሳት፣ በረንዳ መዝጋት ወይም መስኮት ማስፋት የእርስዎ ብቻ ውሳኔ አይደለም፤ የብሎኩን ማኅበርና የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። ዓምድና ቢም ደግሞ ለኤሌክትሪክ ቱቦ ተብሎ እንኳ አይሰነጠቅም፤ ሽቦው በግድግዳው ላይ በሚሄድ የፕላስቲክ ትራንኪንግ ይተላለፍ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ ይህ ማስጠንቀቂያ ለወግ ያህል የሚባል አለመሆኑን ያሳያል። ክብደትንም ያስሉ። ሁለቱ ፊቱ የተለሰነ የ10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። ሦስት ሜትር የሚረዝምና 2.6 ሜትር ከፍታ ያለው አዲስ ክፍልፋይ ቢጨምሩ ወለሉ ላይ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ያስቀምጣሉ። በብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች የሚገኘው የአግሮስቶን ክፍልፋይ የተመረጠው ቀላል በመሆኑ ነው። ቦታው ካልተመቸዎት በመዶሻ አይምቱት፤ ማያያዣውን ፈተው ሳህኑን በሙሉው ያውጡና ሌላ ቦታ ይትከሉት። ከእርጥበት ግን ያርቁት።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ፀሐይንና ዝናብን ያጥኑ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ከአድማስ ያላት ከፍታ 57 ዲግሪ ያህል ነው። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል በብርዱ ወራት ሙቀትና ብርሃን በነፃ ስለሚያገኝ ለሳሎን ወይም ለልጆች ማጥኛ ይመቻል። ወደ ምዕራብ የሚያየው ከሰዓት በኋላ ይግላል፤ ወፍራም መጋረጃ ወይም የቀርከሃ መከለያ ይፈልጋል። የብሎኩን አቅጣጫ መቀየር ባይቻልም ለየትኛው ክፍል ምን ሥራ እንደሚሰጡ መወሰን የእርስዎ ነው፤ ወጪም የለውም። የላይኛው ፎቅ ላይ ከሆኑ ከቆርቆሮው በታች ያለው ኮርኒስ ከሌላው ሁሉ ይቅደም፤ ቀን የሚግለውና ሌሊት የሚበርደው በጣራው በኩል ነውና። ዝናቡን ደግሞ በክረምት ይመልከቱ። ከነፋስ ጋር የሚመጣው ዝናብ በየትኛው መስኮት ጠርዝ እንደሚገባ፣ የትኛው ማዕዘን እንደሚረጥብ ይለዩ። የሚያፈስ መስኮትና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሳይጠገን የተለጠፈ ልስን፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ይላቀቃል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ የዕቃውን ዝርዝር በሦስት ይክፈሉ

በመጀመሪያው የዝርዝር ዓምድ በቤቱ ውስጥ ያለውንና የሚቆየውን ይጻፉ፤ ከቤቱ ጋር የመጡትን በር፣ ሲንክና የመጸዳጃ ዕቃ ሳይቀር። በሁለተኛው ካገለገለ ዕቃ ሊሟላ የሚችለውን፣ በሦስተኛው የግድ አዲስ መሆን ያለበትን ያስፍሩ። ለሁለተኛው ዓምድ መርካቶ ምናለሽ ተራ የታወቀ ቦታ ነው። ብረት፣ ማጠፊያ፣ እጀታና የመስኮት ፍሬም እዚያ እየተመረጠ ይገዛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ከፈረሱ የመሐል ከተማ ቤቶች የወጣ በር፣ ጣውላና ቆርቆሮም ወደ ገበያ ገብቷል፤ በድሮ ቤት ውስጥ የቆየ የጥድ ወይም የዝግባ ጣውላ ጨርሶ የደረቀ ስለሆነ እንደ እርጥብ እንጨት አይጣመምም። ከሁሉ የሚቀርበው ግን ራሱ ሳይቱ ነው። አንዱ ጎረቤት አውጥቶ የሚጥለው በር ለሌላው ልኩ ነው፤ የአንድ ሳይት ቤቶች በሮች መጠን ተመሳሳይ ነውና። በብሎኩ የቴሌግራም ቡድን ላይ የሚፈልጉትን ዕቃ ከነመጠኑ ይጻፉ።

ሲገዙ ዕቃውን ቀረብ ብለው ይመርምሩ። እንጨቱን በጣትዎ ያንኳኩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤነኛ፣ የታፈነ ድምፅ የተበላ መሆኑን ይጠቁማል። ጥቃቅን ቀዳዳና ትኩስ ዱቄት ካዩ ነቀዙ በውስጡ አለና ይተዉት። ሚስማሩ ሁሉ ሳይነቀል ወደ መጋዝ አያስገቡት። የዘይት ቀለም የተቀባ አሮጌ በር እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን በሸካራ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ እያረጠቡ ይፋቁት፣ ልጆችን ያርቁ። የአስቤስቶስ ሳህን የመሰለ አሮጌ የጣራ ክዳን በጭራሽ አይቁረጡ፣ አይግዙም። ሻጩ ዕቃው ከየት እንደመጣ የማይናገር ከሆነ ይለፉት፤ የተሰረቀ ዕቃ ርካሽ ሆኖ አያውቅም። በሦስተኛው ዓምድ ደግሞ ያለ ማመንታት አዲስ የሚገዙትን ያስገቡ፦ የኤሌክትሪክ ሽቦና ብሬከር፣ የጋዝ ቱቦ፣ የውሃ ቧንቧና መጋጠሚያዎቹ። እነዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር አደጋ ይገዛል።

አራተኛው ደረጃ፦ ወለሉ

ወለል በየቀኑ የሚረገጥ ስለሆነ ጥንካሬው ይቀድማል፤ ክብደቱ ግን አይረሳ። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የተረከቡት ወለል ቀጥ ያለ ከሆነ በሌላ ንጣፍ ላይ ንጣፍ ከመደረብ በደንብ የተወለወለ ቀጭን ሊሾ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ቴራዞ ጥሩ ምርጫ ነው። በአዲስ አበባ የቆዩ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የተረገጠው የቴራዞ ወለል ዛሬም ሲወለወል ያበራል፤ የሚሠራውም ከእብነ በረድ ፍንክትካች ነው። ኢትዮጵያ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝና ከሐረር በኩል የራሷን እብነ በረድ ታወጣለች። ድንጋዩን የሚቆርጡ ወርክሾፖች ዘንድ የሚተርፈው ስብርባሪ ለመታጠቢያ ቤት ወለል፣ ለመስኮት ደፍና ለኩሽና ጠረጴዛ ይሆናል፤ ቀለሙን እየለዩ መግጠም ትዕግሥት ቢጠይቅም ውጤቱ ያምራል። ከውጭ የመጣ ሴራሚክ ከዚህ በላይ አይቆይም ባይባልም፣ ከዓመታት በኋላ አንዱ ሲሰበር ያንኑ ቀለምና መጠን ማግኘት ያስቸግራል። ሴራሚክ የግድ ከሆነ ከአንድ ካርቶን ያላነሰ ትርፍ ገዝተው ያስቀምጡ።

አምስተኛው ደረጃ፦ የውስጡ ግድግዳ

እዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ የመኝታና የሳሎን ግድግዳን በጭቃ መለሰን ይቻላል። ብሎኬት ሸካራ ስለሆነ የአፈር ልስን በደንብ ይይዛል። ዋናው ነገር የአፈሩ ዓይነት ነው። በቦሌና በምሥራቁ የከተማ ክፍል በብዛት ያለው ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ለልስን አይሆንም። የሚፈለገው ቀይ አፈር ነው፤ ከቁፋሮ ላይ ባለቤቱን አስፈቅደው ሊወስዱት ይችላሉ። ከላይ ያለውን ሥር ያዘለ አፈር ትተው ከታችኛው ይውሰዱ። ጥርት ባለ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህል አፈር ይጨምሩ፣ በውሃ ሞልተው በኃይል ይናጡ፣ ለአንድ ቀን ያቁሙት። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይዘቅጣል፣ ደቃቁ አፈር ቀጥሎ፣ ሸክላው በመጨረሻ ከላይ ይተኛል። የላይኛው ሽፋን ወፍራም ከሆነ አሸዋ መጨመር አለበት። ለመጀመሪያ ሙከራ አንድ እጅ አፈር ለሁለት፣ ከዚያም ለሦስት እጅ አሸዋ ያድርጉ፤ በደቃቁ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ይጨምሩ፤ ውሃ አርከፍክፈው ይርገጡትና ሸፍነው ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ያቡኩት። ግድግዳውን አርጥበው የእያንዳንዱን ቅልቅል አንድ ካሬ ሜትር ይለስኑ፣ ሲደርቅ ይዩት። ከተሰነጠቀ አሸዋ ይጎድለዋል፣ በእጅ ሲነካ ከተራገፈ ሸክላ ይጎድለዋል። ጥሩ የሆነውን ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ያስለስኑ። ሻወር፣ የሲንክ ጀርባና ውጭው ግድግዳ ግን የጭቃ ቦታ አይደሉም።

«ጭቃማ የገጠር ነው፣ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ጭቃ?» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ጭቃ ከድህነት ጋር የተያያዘው ጣራውና መሠረቱ ደካማ በሆነ ቤት ላይ ሆኖ ዝናብ ሲመታው ስለምናየው ነው፤ ጥፋቱ የእርጥበት እንጂ የአፈሩ አይደለም። በላስታ በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ባለ አንድ ፎቅ ክብ ቤቶች ትውልድ አሳልፈዋል። በ2003 ዓ.ም. አካባቢም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ በተለምዶ ሕንፃ ኮሌጅ የሚባለው ልደታ የሚገኘው ተቋም ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር ሆኖ «ሱዱ» የተባለ ሙከራ ቤት በግቢው ሠርቷል። የታችኛው ወለል ግድግዳ ከተደቀደቀ አፈር፣ የላይኛው ከአፈር ጡብ ነው። አፈር የሕንፃን ሸክም መቻል ከቻለ በብሎኬት ላይ የተለጠፈ፣ ዝናብ የማያገኘው ልስን መሆን አያቅተውም። ዋና ጥቅሙም ጥገናው ነው፤ የተላጠውን ቦታ አርጥበው በዚያው አፈር ይጠግኑታል። ልብዎ አሁንም ካልፈቀደ ጀሶ ሁለተኛው ምርጫ ይሁን። ጀሶ የሚቃጠለው በ150 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከሲሚንቶው ሙቀት አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ጥሬ ድንጋዩም እንደ ዓባይ ሸለቆ ካሉ ቦታዎች በአገር ውስጥ ይወጣል። በላዩ የኖራ ቀለም ቢቀቡ ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ያድርግ።

ስድስተኛው ደረጃ፦ ክፍልፋይ፣ ኮርኒስና ቁም ሳጥን

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ የቀርከሃ ሀብት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከአዊና ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው ቀርከሃ አዲስ አበባ ገበያ ላይ ይገኛል። ለቀላል ክፍልፋይ፣ ለኮርኒስና ለመደርደሪያ ይሆናል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ግንድ ለጋ ስለሆነ ይሸበሸባል፤ ያልታከመውም በነቀዝ ይበላል። ስለዚህ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ ተነክሮ የደረቀ መሆኑን ይጠይቁ፤ ካልሆነ ራስዎ ያስነክሩት። የባሕር ዛፍ ወይም ያገለገለ ጣውላ ፍሬም አቁመው በቀርከሃ ወይም ባወጡት የአግሮስቶን ሳህን ቢያለብሱት ክፍልፋዩ በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በታች ይሆናል። ከምድጃ አጠገብ ግን እንጨትና ቀርከሃ አያድርጉ። ቁም ሳጥኑን ከአሮጌ በሮች የሚሠራ አናጺ በየሰፈሩ አለ። ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው አብጦ ይፈርሳል፣ ሙሉ እንጨት ግን ተላጎ እንደገና ይቀባል።

ሰባተኛው ደረጃ፦ ውሃ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማጠራቀሚያ የግድ ነው፤ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ይታሰብበት። የመኖሪያ ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት እንዲሸከም ነው። 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ በግማሽ ካሬ ሜትር ላይ 500 ኪሎ ያሳርፋል፤ ይህም የተባለው አምስት እጥፍ ነው። ትልቁን ሮቶ ከበረንዳ ላይ ያውርዱ፤ በቤት ውስጥ ትንንሽ ጀሪካኖችን በግድግዳ ጥግ በመደዳ ያስቀምጡ። የእጅና የልብስ ማጠቢያ ውሃ በዚያው ቀን ለሽንት ቤት ይዋል። ትልቁ ሀብት ግን ጣራው ላይ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 300 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ብሎክ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበትና ሰማንያ በመቶው ቢያዝ 264,000 ሊትር ይሆናል። ጣራው የጋራ ስለሆነ ሐሳቡን ለብሎኩ ማኅበር በጽሑፍ ያቅርቡ፦ አሸንዳ፣ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የሚያስወግድ ቱቦና መሬት ላይ የሚቀመጥ ታንከር። ውሃው ለደረጃ ማጠቢያ፣ ለሽንት ቤትና ለአትክልት ይሆናል፤ ሳይታከም አይጠጣም።

ስምንተኛው ደረጃ፦ ሥራውን በምዕራፍ ያስኪዱ

ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደው የጊዜው ነው። የቤት ኪራይና የባንክ ብድር በአንድ ወር ውስጥ አንድ ላይ የሚከፍል ቤተሰብ ያገለገለ በር ፍለጋ ሳምንታት ሊያባክን አይችልም፤ እውነት ነው። መልሱ ቤቱን በሁለት ምዕራፍ መጨረስ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ መጸዳጃ፣ ኩሽናና የውጭ በር ይለቁ፤ ቤተሰቡ ይግባ፣ ኪራዩ ይቁም። ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ ለሁለተኛው ምዕራፍ ለወለል፣ ለልስንና ለቁም ሳጥን ይዋል። የጭቃ ልስን አቧራና እርጥበት ስላለው ክፍል በክፍል በበጋ ይሠራ። «ባለሙያው የለም» ለሚል ደግሞ፣ ጭቃ ማቡካትና መምረግ የሚያውቅ ሰው በቀን ሠራተኞች መካከል አለ፤ ችሎታውን የሚጠይቀው ስለጠፋ ነው እንጂ። ክፍያ ከመስማማትዎ በፊት አንድ ካሬ ሜትር ናሙና ያሠሩት፤ በናሙናው ከተስማሙ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። በዚህ መንገድ ከበጀትዎ ትልቁ ድርሻ ለዕቃ ሳይሆን ለሰው ጉልበትና ሙያ ይከፈላል። ስለዚህ ጠቅላላ ወጪው ሁልጊዜ በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም፤ ቅናሹ እርግጠኛ የሚሆነው ባላፈረሱትና ባልገዙት ላይ ነው።

በመጨረሻም ደብተር ይክፈቱ። የልስኑን ቅልቅል መጠን፣ የቧንቧና የሽቦውን መስመር ከነፎቶው፣ ዕቃው የተገዛበትን ቦታ ይመዝግቡ፤ ቤቱን ወደፊት የሚጠግን ሰው ግድግዳ እየሰረሰረ እንዳይፈልግ ያደርገዋል። የተረፈውን ብሎኬትና ድንጋይ ለመንገድ መሙያና ለአበባ መደብ ለሚፈልግ ጎረቤት ይስጡ፤ የቆሼን የቆሻሻ ክምር መደርመስ አደጋ ለሚያስታውስ ከተማ ያልተከመረ ፍርስራሽ ሁሉ ትርፍ ነው። አራብሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። አንድ ብሎክ ላይ የተሳካ የልስን ቅልቅል፣ የተስማማ የበር ልክ፣ የሠራ የጣራ ውሃ ዕቅድ ለቀጣዩ ብሎክ ሳይለወጥ ይሆናል። ስለዚህ ቁልፉን በተረከቡ ማግስት ሦስት ነገር ያድርጉ፦ ቤቱን ይለኩ፣ ዝርዝሩን በሦስት ዓምድ ይጻፉ፣ የሚያፈርስ ጎረቤት ካለም ከማፍረሱ በፊት ያነጋግሩት።